የሃያ ስድስት ቀን ግድግዳ

ኮንትራክተር ሲከስር መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሲሚንቶውን ነው። ቀጥሎ ዘበኛውን፣ ከዚያ ሹፌሩን ይጠረጥራል፤ ራሱን ግን ለመጨረሻ ያቆየውና አብዛኛውን ጊዜ ሳይደርስበት ይቀራል። የፍኖተ ሰላሙ ኢንጂነር ንብረትም ከዚህ ደንብ አልወጣም። በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ወር ላይ፣ ቋሪት ወረዳ ገበዝ ማርያም የሚያሠራው ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት በሦስት ወር ውስጥ ከዕቅዱ በላይ ሃያ ሺህ ብር እንደበላበት ተነገረው። ሲሚንቶው ተቆጠረ፣ ዘበኛው ተመረመረ፣ ሹፌሩም ናፍጣውን ሊትር በሊትር አስረዳ። ከሁሉም የተገኘ ነገር የለም። ያኔ ነገሩ እማዋይሽ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ።

እማዋይሽ የድርጅቱ የወጪ ተቆጣጣሪ ናት። የቋሪት ገበሬ ልጅ ስትሆን፣ በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ ኢንጂነሩ ዘንድ ከተቀጠረች ስድስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው፤ በየወሩ ከሳይት የሚመጣውን የሠራተኛ መቆጣጠሪያ፣ የዕቃ ማውጫና የኪራይ ደረሰኝ ጨረታው ሲገባ ከተሠላው ዋጋ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ከዕቅዱ የበለጠውን በቀይ ታሰምራለች። ያቺን ቀይ እስክሪብቶ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለ የድርጅቱ ሹፌር ሁሉ ይፈራታል። ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት ግን አይዋሽም የሚል እምነት ነበራት፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ትናገረው ነበር።

የኅዳርን ወረቀቶች ስትገልጥ መጀመሪያ የከነከናት የቀን ሠራተኛው ክፍያ ነው። ሌላው ወጪ ሁሉ ከዕቅዱ ያንሳል ወይም ይበልጣል፤ ይኸ ብቻ እስከ ሳንቲሙ ገጠመ። ሠላሳ አራት ሰው፣ ሃያ ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ስምንት ብር። ወጪ ሲቆጣጠር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አይወድም። ጣቷን በቀኖቹ ላይ እያስኬደች ወረደች። ኅዳር አምስት፣ የአቦ ዕለት፣ ሠላሳ አራቱም ሠርተዋል። ኅዳር ሰባት፣ በሥላሴም ሠርተዋል። ኅዳር አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ብቻዋን ሳቀች። በኅዳር ሚካኤል፣ ያውም ገበዝ ማርያም ላይ፣ ሰው ድንጋይ ሲጠርብ ውሏል። ኅዳር ሃያ አንድም፣ ጽዮን ማርያም ናት ተብሎ አገሩ ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ ሲወጣ፣ እነዚህ ሠላሳ አራት ክርስቲያኖች ሲሚንቶ ሲያቦኩ ውለዋል። በእሷ አገር በበዓል ቀን እንኳን አካፋ መርፌ አይነሣም። ከሃያ ስድስቱ ቀን ስንቱ በዓል እንደሆነ ቆጠረች፤ ዘጠኝ ነበር።

ሣቋ ወዲያው ወደ ንዴት ዞረ። ሌላው ወረቀት ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሚክሰርና የውኃው ቦቴ ከቡሬ የተከራዩ ናቸው። በውሉ መሠረት አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ቆሞ ቢውልም የቀኑ ኪራይ ይከፈላል፣ ከስምንት ሰዓት በላይ ቢሠራ ደግሞ ትርፉ በሰዓት ይታሰባል። የኅዳር ደረሰኝ ስልሳ ስምንት ትርፍ ሰዓት ይላል። የሠራተኛው መቆጣጠሪያ ግን በየቀኑ ስምንት ሰዓት ብቻ እንደተሠራ ነው የሚያሳየው። ጥቅምትና መስከረምም እንዲሁ ነበሩ፤ ሃያ ሺህ ብሩ የሄደው በዚህ በትርፍ ሰዓት ነው። ሁለቱንም ወረቀት የፈረመው ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ ፎርማኑ አያ እጅጉ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ አለች በልቧ፤ ሽማግሌው ባልተሠራ ቀን ደመወዝ እየበላ፣ ባልሠራ ማሽን ደግሞ ከባለቤቱ ጋር እየተካፈለ ነው ብላ ደመደመች።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን መኪና ተሳፍሮ ሄዶ ግድግዳውን ያያል። እሷ ግን ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ ኢንጂነሩ ክፍል ገባች።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ኢንጂነር ንብረት ወረቀቱን እያየ። የደብረ ማርቆስ ከተማ ልጅ ነው፤ በዓል ቢሉት ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን ነው የሚያውቀው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በኅዳር ሚካኤል ማንም አካፋ አይነሣም፣ ኢንጂነር። አገሬ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ ባምላኩን ይዘሽ ሂጂ። ከእጅጉ ቁልፉንና ማኅተሙን ይረከባቸው። ስንት እንደበሉ ልኩን ጽፈሽ አስፈርመሽ አምጪልኝ፤ ከዚያ ለፖሊስ እሰጠዋለሁ።»

ባምላኩ የቡሬው ሳይት ወጣት ፎርማን ነው። ሐሙስ ታኅሣሥ ሃያ፣ ረፋዱ ላይ፣ ሁለቱ በድርጅቱ ፒክአፕ ገበዝ ማርያም ገቡ። አያ እጅጉ ቆብ አጥልቀው ከጠራቢዎቹ መሀል ቆመዋል። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በወጣትነታቸው ቅኔ ሊቆጥሩ ገብተው ያቋረጡ፣ ከዚያ ግንበኛ የሆኑ፣ በዚህ ድርጅት አሥራ አንድ ዓመት ሠርተው አንድ ሚስማር ያላጎደሉ ሰው ናቸው። እማዋይሽ ይህን ሁሉ ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ያልሰረቀ ሰው በአሥራ ሁለተኛው አይሰርቅም ተብሎ የተጻፈ የለም ብላ ግን መንገዱን ሙሉ ራሷን ስታሳምን መጥታለች።

«አያ እጅጉ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍና ማኅተሙን ለባምላኩ ያስረክቡ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ባልተሠራ ቀን ገንዘብ ተከፍሏል። ሒሳቡ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ይቆዩ ብለዋል ኢንጂነር።»

የመሮው ድምፅ ሁሉ ቆመ። ሠላሳ አራት ሰው ፊቱን አዞረ። አያ እጅጉ ቁልፉንና ማኅተሙን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ለባምላኩ ሰጡና እሷን ረጋ ብለው ተመለከቷት።

«ግድግዳውን ለክተሽዋል?» አሏት።

«ወረቀቱን ለክቼዋለሁ።»

«ጥሩ ነው» አሉና ዱላቸውን አንሥተው ወደ ማደሪያቸው ቁልቁል ወረዱ።

የተበላውን ገንዘብ ልክ ለመጻፍ የተሠራውን ሥራ መለካት ግድ ነበር። ባምላኩ ሜትሩን እየዘረጋ፣ እሷ እየጻፈች፣ ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ ልክ ድረስ ግንቡን አንድ በአንድ ለኩት። ጠራቢዎቹ ሥራቸውን ቀጥለዋል፣ ግን ሁለቱን ማንም አያናግራቸውም። በወረቀቱ ላይ ሠላሳ አራት ሰው ሃያ ስድስት ቀን ቢሠራ ሊወጣው የሚገባ የድንጋይ ግንብ ሰማንያ ስምንት ሜትር ኩብ ነው። ዘጠኙ የበዓል ቀን ውሸት ከሆነ ከስልሳ ማለፍ አልነበረበትም። የሌላውን ወር ሥራ ቀንሰው ደምረው ሲጨርሱ የኅዳሩ ሥራ ሰማንያ ዘጠኝ ሆነ። እንደገና ለኩት፤ ሰማንያ ዘጠኝ።

«ይሄ የአሥራ ሰባት ቀን ግድግዳ አይደለም» አለ ባምላኩ ሜትሩን እየጠቀለለ። «የሃያ ስድስት ቀን ግድግዳ ነው። ታዲያ ዘጠኙን ቀን ማን ሠራው?»

መልሱ ከኋላቸው መጣ። ውኃ የምታመላልሰው ካሰች እንስራዋን አውርዳ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«እኛ ነን እንጅ ማን ይሠራዋል?» አለች። «በዓል አንሽርም አልናቸው። እንግዲያውስ የበዓሉን ሥራ በዘወትሩ ቀን አድርሱልኝ አሉን። ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታው አሥራ ሁለት ነው የምንውል። በዓሉንም አከበርን፣ የበዓሉንም ብር በላባችን በላን። ሌባ የተባሉት እኒህ ሰውየ ናቸው?» መልስ ሳትጠብቅ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

እማዋይሽ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሰዓቱን አባዛችው። ሃያ ስድስት ቀን በስምንት ሰዓት፣ ሁለት መቶ ስምንት። አሥራ ሰባት ቀን በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት መቶ አራት። ማሽኑም በአሥራ ሰባት ቀን አራት አራት ሰዓት ትርፍ ሲሠራ ልክ ስልሳ ስምንት ይመጣል። ደረሰኙ እውነት ነበር። ግድግዳውም እውነት ነበር። የዋሸው መቆጣጠሪያው ብቻ ነው፤ እሱም ለማንም ሳንቲም ያላስገኘ ውሸት ነበር። አፈረች። ግን አያ እጅጉ እውነቱን እንዳለ ለምን እንዳልጻፉት አልገባትም፤ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ መቆጣጠሪያው ላይ የበዓሉ ቀን ሳጥን ባዶ እንዳይሆን ፈርተው ይሆናል ብላ አደረች።

በማግሥቱ ማርያም ነበረች። እማዋይሽ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ስትመለስ በሳይቱ በኩል አለፈች። አንድ ሰው የለም። ሚክሰሩ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል፤ የቦቴው ሹፌር ጋቢና ውስጥ ተኝቷል። ዛሬ ሁለቱም ቆመው ይውላሉ፣ ኪራያቸው ግን ይከፈላል። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራሉ፣ አራቱ ሰዓት እንደገና ይከፈላል። ቢቆምም ትከፍላለህ፣ ቢሠራም ትከፍላለህ። ይህ ኪሳራ ገና ሥራው ሳይጀመር የተጻፈ ኪሳራ መሆኑ የታያት እዚያው አጥሩ ሥር ቆማ ነው። በዚህ አገር ወሩ አሥራ ሰባት የሥራ ቀን ብቻ ነው ያለው። ያንን አስቦ ማሽኑን የሚከራይ ሰው በሌላ ውል ይከራያል፣ የጨረታውንም ዋጋ በሌላ ልክ ያስገባል። ታዲያ ሃያ ስድስት ያለው ማን ነው?

ባምላኩን ዕቃ ቤቱን አስከፈተችው። ግድግዳው ላይ ከቢሮ የተላከው የሥራ ሠንጠረዥ ተለጥፏል። «የወር የሥራ ቀን፦ ሃያ ስድስት» ይላል። ከሥሩ «ያዘጋጀችው፦ እማዋይሽ ወልደ ዮሐንስ» ይልና ፊርማዋ አለበት።

ትዝ አላት። ሰኔ ላይ፣ ጨረታው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የባሕር ዳሩን ሥራ ስሌት አምጥታ የቦታውን ስም ብቻ ቀይራ ገልብጣዋለች። ባሕር ዳር የቀን ሠራተኛው ከየአገሩ የመጣ ነው፣ ከእሑድ በቀር በዓል ብሎ አይቀርም። ቋሪት እንዲህ እንዳልሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እናቷ በሚካኤል ቀን ጥጥ ነክታ አታውቅም፤ እሷም ራሷ አሁን ከኪዳን መመለሷ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸ ነበር። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች።

ማርያምን የማያከብረው መንግሥት ብቻ ነውና የወረዳው ስልክ ቤት ክፍት ነበር። ፍኖተ ሰላም ደውላ ለኢንጂነሩ ሁሉንም ነገረችው።

«እንግዲህ እጅጉ አልሰረቁም ነው የምትዪኝ?»

«አንድም ብር አልሰረቁም። ስሕተቱ የኔ ነው። ሃያ ስድስት ቀን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጨረታው ላይ ከፊርማዋ አጠገብ የንብረትም ፊርማ ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አላነሡትም።

«ስሚ እማዋይሽ» አለ። «ስሕተት ከሆነ ዕዳው የኔ ነው፤ ያበደረኝ ባንክ ሥራ የማይችል ሰው ነው ብሎ ብድሩን ይዘጋብኛል። ተሰረቀ ካልኩ ግን ሰው ያዝንልኛል፣ ጊዜም ይሰጠኛል። ሽማግሌውን አልከስም። እሳቸው እንደሆነ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፣ አገራቸው ገብተው ይረፉ። አንቺ መጀመሪያ ተሰረቀ ያልሽውን ጽፈሽ ብቻ ነይ።»

ደመወዟ የእሷ ብቻ አልነበረም፤ የእናቷ የማዳበሪያ ዕዳም የሚከፈለው ከእሱ ነው።

«አልጽፍም፣ ኢንጂነር።»

«እንግዲያ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለና ዘጋው።

ከስልክ ቤቱ ስትወጣ ለንብረት የነገረችው እውነት ለአያ እጅጉ ምንም እንዳልጠቀማቸው ገባት። እሳቸውን ያዋረደቻቸው ፍኖተ ሰላም ላይ አይደለም፤ እዚህ፣ ሠላሳ አራት ሰው እያየ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የት እንደሚገኙ ለመጠየቅ ካሰች ቤት ሄደች።

«ከቅዳሴ በኋላ ጽዋ ላይ ይኖራሉ» አለቻት ካሰች ከደጃፏ ሳትነሣ። «ማኅበርተኞቹ ሠራተኞቹ ናቸው፣ ሁሉም ይኖራል። ጽዋውን ግን አያነሡም። ቂም ይዠ የማርያምን ጽዋ አልቀምስም ብለዋል።»

ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቅዳሴው ያለቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እማዋይሽ ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ እስኪወጣ ሳይቱ ላይ ቆየች፤ ከዚያ ከተጠረቡት ድንጋዮች አንዱን አንሥታ አንገቷ ላይ አደረገች። ግንበኛ እንደዋዛ የሚያነሣው ድንጋይ ነው፤ ለእሷ ግን ጉልበቷን አንቀጠቀጠው። እንዲህ ሆኖ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚሻ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። መንገደኛው ዝም ብሎ ዳር ያዘላት። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

ማኅበሩ የተሰበሰበበት ግቢ ስትገባ ጨዋታው ሁሉ ቆመ። ቄሱ ጽዋውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ጠራቢዎቹ በግራ በቀኝ ናቸው፤ አያ እጅጉ ከሁሉም ራቅ ብለው በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተንበረከከች።

«አያ እጅጉ፣ በአደባባይ ሌባ አድርጌዎታለሁ። እርስዎ ምንም አልነኩም። ድርጅቱን ያከሰረው ሃያ ስድስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ማርያም ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

ድንጋዩ ይከብዳታል፣ ሰዉ ያያል፣ ሽማግሌው ደግሞ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን ይመለከታሉ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሏት በመጨረሻ።

«ዛሬ ጧት።»

«እኔ መስከረም ነው ያወቅሁት» አሉ። «ሠንጠረዡ ሲመጣ ከሥሩ ፊርማሽን አየሁ። የቋሪት ልጅ ናት፣ አስባ ሳይሆን ቸኩላ ነው አልሁ። አሥራ ሰባት ብየ ጽፌ ብልክ ደግሞ ንብረት ማን ነው ሃያ ስድስት ያለ ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያባርረው አንቺን ነው። ሥራው በሥራ ይካካሳል ብየ ሳጥኑን ሁሉ ሞላሁት። የማሽኑ ሰዓት ይህን ያህል ይበላል ብየ አላሰብሁም፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከአንገቷ ላይ ያዙ። «ልጀ፣ ያን ሁሉ መልፋቴ እኮ ይኸ ድንጋይ አንቺ ላይ እንዳይወጣ ብየ ነበር።»

እማዋይሽ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች። አያ እጅጉ ድንጋዩን መሬት አኖሩት፣ እጇን ይዘው አስነሧት፣ ከዚያ ዞረው ከቄሱ ጽዋውን ተቀበሉና ጠጡ። ለእሷም አቀበሏት። ጠራቢዎቹ መቀመጫ ለቀቁላት፤ ካሰች ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።

ትንሽ ቆይተው ንብረት ምን እንዳለ ጠየቋት። ከሥራ እንዳሰናበታት፣ እሳቸው ሰርቀዋል ብላ ብትጽፍ ኖሮ እንደማያሰናብታት ነገረቻቸው።

«ነገ በዓል አይደለም፣ ሰዎቹን ባምላኩ ያሠራቸዋል» አሉ። «እኔና አንቺ ፍኖተ ሰላም እንወርዳለን። ሽማግሌ እሆንሻለሁ።»

«እርስዎን ሌባ ያለ ሰው እንዴት ይሰማዎታል?»

«ሌባ ያለው ሰው ደጁ ቆሞ ስለ ራሱ ሳይሆን ስላንቺ ሲለምነው» አሉ አያ እጅጉ፣ «እስቲ ምን ብሎ ይመልሰኛል?»